የሃርግሮቭ ቤት ዘጠኝ ደረጃዎች

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእናንተ ጁን 19 ቀን 2025፤ ሁለቱንም የጻፍኩበት ምክንያት ወደ ታች ይገኛል)
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለሃርግሮቭ ቤት ቅርስ ጥበቃ ቦርድ፣

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁ እንደ ቤታችሁ ጡብ የጸና፣ ጉልበታችሁም ደረጃ ለመውጣት የማይለግም ይሁን እያልኩ፣ ቤቱን ከእናንተ ተከራይታ ከኅዳር ወር ጀምሮ የምትቀድሰው የትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ የሆንኩት እኔ፣ የሚከተለውን ምስጋና በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ዲያቆን ምናሴ ፈቃደኛ ነው። ቀኖቹን ግን እኔ አያለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ታሪኩ እናመሰግናለን። በራሪ ወረቀታችሁ እንደሚለው፣ ቤቱን በ1887 የሠራው ከዋሽንግተን የሐምሌ ሙቀት የሸሸ አንድ የዱቄት ነጋዴ ነው፤ ያኔ ኮረብታው እርሻ ነበር። ቀይ ጡብ፣ ባለ ቀለም መስተዋት፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የበረንዳ እንጨት፣ አምስት ምድጃ። ማማውን ያስገነባው እንግዶቹ ሲመጡ ከሩቅ ለማየት ነው አሉ። እኔም ወጥቼ አየሁ። የሚታየው መኪና ማቆሚያው ነው። መኪና ውስጥ ወይዘሮ ከበቡሽ ይታያሉ።

ወይዘሮ ከበቡሽ የሰማንያ አንድ ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው ከላንግሊ ፓርክ ታመጣቸዋለች። የሚሄዱት በዊልቸር ሲሆን በቤቱ ፊት ደግሞ ዘጠኝ ደረጃ አለ። ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬም እቆጥረዋለሁ። ስምንት ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሰባት ወር ሙሉ ጾመው እየመጡ፣ ቅዳሴውን መኪና ውስጥ በስልክ ሰምተው፣ ሳይቆርቡ ተመለሱ። ጎልማሶቹ ተሸክመን እናስገባዎት ቢሏቸው፣ «በሰው ትከሻ የምገባው አንድ ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን ደግሞ አልቸኩልም» አሉ።

ሁለተኛ፤ ለቅዳሴ ስንገባ በረንዳው ላይ የምናወልቀው ጫማ የቤቱን የ1887 ገጽታ እንደሚያበላሽ በሦስት ደብዳቤ ስላስረዳችሁን እናመሰግናለን። የነጋዴው እንግዶች ባዶ እግራቸውን ይመጡ እንደነበር አላወቅንም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ማመልከቻችን። ዊልቸር የሚያወጣ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ሲያስፈልግ የሚነሳ ዘንበል ያለ መወጣጫ፣ ማለትም ራምፕ፣ እንዲፈቀድልን ጠይቀን ነበር። ቅጹን የሞላው ምናሴ ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮም ቀን ሲጽፍ እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል፤ መጋቢት 3 ቀን 2017ን 3/7/2017 ብሎ ጻፈው። እናንተም ማርች 7 ቀን 2017 ብላችሁ አነበባችሁና፣ ስምንት ዓመት ያረጀ ማመልከቻ እንደማትመለከቱ፣ አዲስም የምትቀበሉት በመጪው ዓመት እንደሆነ አሳወቃችሁን። ያረጀ ምድጃ፣ ያረጀ ማጠፊያ፣ ያረጀ የበር እጀታ በፍቅር የሚጠብቅ ቦርድ፣ በማርጀቱ የጠላው ብቸኛ ነገር የእኛ ወረቀት መሆኑ ደንቆናል።

ምናሴ በኀፍረት አንገቱን ሲደፋ፣ ወይዘሮ ከበቡሽ በመኪናው መስኮት፣ «ተው ልጄ፣ አንተ አልተሳሳትክም፤ እነሱ ናቸው ቸኩለው ስምንት ዓመት የቀደሙት» አሉት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሰማንያ አንድ ዓመት ላይ «መጪው ዓመት» ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ዛሬው ውለታችሁ። ዛሬ የሚካኤል ዕለት፣ የነጋዴው ፒያኖ ታድሶ ተመለሰ። ለፒያኖው ራምፕ ፈቀዳችሁ፤ ከረፋዱ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ፒያኖው በራምፑ ወጥቶ ገባ። ወይዘሮ ከበቡሽ ከመኪናው ሆነው አዩት። «ነፍስ የለው፣ ኃጢአት የለው፤ ቀድሞኝ ገባ» አሉ። ጠባቂያችሁ ፒያኖ አምጪዎቹን ሲያስፈርም፣ ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን «ግፊኝ» አሏት። ገፋቻቸው። ገቡ። ቆረቡ።

ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ያበቃው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ራምፑም የተነሳው በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ባለ ቀለም መስተዋቱ ሥር ናቸው፤ ነጠላቸው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል። ተሸክመን እናውጣዎት ብንላቸው መልሳቸውን ታውቁታላችሁ። የኪራይ ውላችን ደግሞ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ማንኛውም ነገር ያለ ቦርዱ የጽሑፍ ፈቃድ ከቤቱ እንደማይወጣ፣ ውሳኔውም ዘጠና ቀን እንደሚፈጅ ይናገራል። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና፣ «እንግዲህ ሕግ ነው» አሉ።

ስለሆነም ወይ ራምፑን እንድትመልሱልን፣ ወይ ወይዘሮ ከበቡሽን ከቤቱ ለማውጣት የሚሞላውን ቅጽ እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለአሮጌ ነገር ባላችሁ የታወቀ ርኅራኄ ተማምኜ፣ ጫማዬንም በረንዳችሁ ላይ እንዳወለቅሁ፣
አክባሪያችሁ
የዓለምዘርፍ ዋለልኝ

ማስታወሻ፤ ለቅጹ እንዲያመቻችሁ፣ ወይዘሮ ከበቡሽ የተወለዱት በ1936 ነው። በእናንተ አነባበብ ስምንት ዓመት ይጨመርባቸዋል፤ ለጉዳያቸው ስለሚጠቅም አይታረም ብለዋል። ጠባቂያችሁ ሊቆልፍ መጥቶ ነበር። ፒያኖው ላይ የነበረውን «እባክዎ አይንኩ» የሚል ሰሌዳ አንስተው ጭናቸው ላይ አድርገውት ሲያይ፣ ቁልፉን ይዞ ተመለሰ።