ለዋርሳዬ፣ ስለ ሁለቱ ባለ ሁለት ሞተር መኪናዎች

ኢሳልሚ፣ መጋቢት 19

ይድረስ ለዋርሳዬ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀህ? ነርሷ በስልክ እንደነገረችኝ የሁለቱ እግር ጣቶችህ ቀለም ተመልሷል፤ ገንፎም መቅመስ ጀምረሃል አሉ። እኔ ደህና ነኝ። የላክኸው አበባ ደርሶኛል፤ ካርዱንም አንብቤዋለሁ። «ነፍሴን ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ፤ ለውለታሽ ቃል የለኝም» ብለሃል። አንተ ቃል ከሌለህ እኔ አለኝ። እኔ ልጻፍ፣ አንተ ተኝተህ አንብብ። እንደ ድሮው ነገሬን ሳልጨርስ ብድግ ብለህ የምትወጣበት እግር ለጊዜው የለህም።

ከወንድምህ ልጀምር። ታውኖ በመጋዝ ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ማሽን ሲጠግን እንደኖረ ታውቃለህ። የማታውቀው፣ ወይም ማወቅ ያልፈለግኸው፣ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ አላገኝ አለው። አንድ ቀን ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ የተበተኑ ብሎኖች ለመልቀም ሲታገል አገኘሁት። አላለቀሰም። «እጅሽን አበድሪኝ» ብቻ ነው ያለኝ።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ በሊድ ስበይድ የኖርኩ ሴት ነኝ። የመበየጃ ካውያ ለእጄ እንግዳ አይደለም። እሱ ተናገረ፣ እኔ ሠራሁ። ያቺ የሪሞት የጭነት መኪና እንዲህ ነው የተወለደችው፤ ቁመቷ እስከ ጉልበት፣ ክብደቷ አሥራ ሁለት ኪሎ። ብሩሽ አልባ የሚባሉት ሁለት ሞተሮች ገቡላት፤ አንዱ የፊቱን ጎማ፣ አንዱ የኋላውን የሚነዳ። ሲወራ ቀላል ነው። ሁለቱ እኩል ካልሮጡ ግን ኋለኛው ፊተኛውን ይገፋዋል፣ መኪናዋም እንደ እንዝርት ትሾራለች። የማርሾቹ ጥርሶች እስኪስማሙ ስንቴ ፈታን፣ ስንቴ ገጠምን! የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ከፍጥነቷ ብዛት እንደ ፊኛ ተነፍተው ፈነዱ። የሚቀጥሉትን ውስጣቸውን በጨርቅ ቴፕ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ለበረዶው ብሎ በየጎማው መቶ ሃያ ምስማር ይግባ ሲል፣ አንድ በአንድ የሰካሁት እኔ ነኝ።

አንተ እሁድ እሁድ ትመጣና በአጃ ሊጥ የጋገርኩትን ዓሣ ከበላህ በኋላ በጋራዡ በር አንገትህን ታስገባለህ። «እትዬ፣ ወንድሜን አታስቸግሪው እንጂ፤ ይልቅ ሂጂ ሳውናውን አንድጂልን» ትለኛለህ። ታውኖ እጁ እንደከዳው አንተ እንድታውቅበት አልፈለገም፤ ያፍር ነበር። ስለዚህ ካውያውን አስቀምጬ ሳውና ላነድ እሄዳለሁ። አንተ እስክትሄድ ድረስ እሱ ካቻቢቴውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚሠራ መስሎ ይጠብቀኛል። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

ታውኖን የቀበርነው ዕለት እንግዶቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ጋራዥ ገባህ። መኪናዋን ከጠረጴዛው አንስተህ ታቅፈህ ወጣህ። «ለእኔ ነበር ያሰባት። አንቺ ምን ታደርጊያታለሽ? አቧራ ልታስጠጪያት ነው?» አልከኝ፤ በሰው ፊት፣ ጥቁር ለብሼ፣ ሳህን ተሸክሜ። ሪሞቷን እንኳ አልጠየቅኸኝም። ሄደህ አዲስ ገዛህላት።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ወር፣ በሐይቁ በረዶ ላይ በሚደረገው የሪሞት መኪና ክለብ የፍጥነት ውድድር፣ በሰዓት መቶ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር አስመዝግበህ አንደኛ ወጣህ። መኪናዋን እንደ ሕፃን ታቅፈህ ጋዜጣ ላይ ወጣህ። ከፎቶው ሥር ያልከው ተጽፏል፦ «እኔና ወንድሜ ነን የሠራናት። ሚስቱም ደግ ሴት ናት፤ እኛ ስንሠራ ሆዳችንን ትሞላልን ነበር።»

ጋዜጣውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀቱ ነደደ፤ ቃልህ ግን እስከ ዛሬ አልነደደልኝም።

በማግስቱ ጋራዡን ከፈትኩ። ሁለተኛዋን ለብቻዬ ሠራሁ። ስሳሳት የሚያርመኝ አፍ ስላልነበረ ሁለት የሞተር መቆጣጠሪያ አቃጠልኩ። ጭሱ ከመጋረጃው ሳይወጣ ክረምቱ መጣ። መጀመሪያ ላይ ታውኖን እያሰብኩ ስሠራ እጄ ይፈዝብኝ ነበር፤ ዓይኔ ይሞላና ሊዱ ከቦታው ውጭ ይንጠባጠባል። አንተን ሳስብ ግን እጄ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንተን እያሰብኩ ሠራሁ። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ እንዳንተ በሐሳቤ ውሎ ያደረ ሰው የለም። ጎረቤቴ ሲርካ መኪናዋን ስሞክር በአጥሯ ላይ አይታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ መጫወቻ ነው ወይስ የጦር መሣሪያ?» አለችኝ። «እንደ ያዡ ነው» አልኳት።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን አንተም ነበርክበት፤ ግን ግማሹን ውኃ ውስጥ ሆነህ ስላሳለፍከው ልንገርህ። የክለቡ ሊቀመንበር ሬይማ መዝገቡን ይዞ «እማማ፣ የተመልካች ቦታ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። መኪናዬን ከምጎትተው የበረዶ ሸርተቴ አውርጄ እግሩ ሥር አስቀመጥኳት። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ሞተሮች አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። «ማን ሠራልዎት?» አለኝ። አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አሳየሁት። መዝገቡን ከፍቶ ስሜን ጻፈ።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሩጫ ነበረው። አንተ በሁለቱ መቶ ሃያ ሁለትና መቶ ሃያ አራት አስመዘገብክ። እኔ ሰው ፊት ነድቼ ስለማላውቅ ሁለቱንም ጊዜ ከመስመር አስወጣኋት። ሰው ሳቀ፤ ያንተ ሳቅ ግን ከሁሉም ጎልቶ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ሩጫህ መኪናዋ የመጨረሻውን ባንዲራ አለፈች፤ አልቆመችም። ሪሞቱን ስትነቀንቅ፣ ወደ ላይ ስትዘረጋው አየሁህ። ሲግናሉ ተቋርጦ ነበር። ወንዙ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ በረዶው ወደሚሳሳበት በኩል በሙሉ ኃይሏ ሮጠች፤ ጥቁሩ ውኃ ዘንድ ስትደርስ አንዴ ተገለበጠችና ጠፋች። አንተም ተከተልካት። ሬይማ «ተመለስ! ተመለስ አንተ እብድ!» እያለ ጮኸ። በረዶው ሲሰነጠቅ ድምፁ እንደ አቡጀዲ መቀደድ ነበር። እስከ ደረትህ ገባህ።

ወንዶቹ ወደ አንተ ጥቂት ተራምደው በረዶው ከሥራቸው ሲጮህ ወደ ኋላ አሉ። መሰላል ሊያመጡ ወደ ዳር የሮጡትም ሩቅ ነበሩ። እኔ መስመሩን የከለለውን ቀጭን ገመድ ፈትቼ አንዱን ጫፉን መኪናዬ ኋላ አሰርኩት። ሰው የማይሸከም በረዶ አሥራ ሁለት ኪሎ ይሸከማል። ቀስ አድርጌ ነዳኋት። ውኃ በተኛበት የፊቱ ጎማ ሲያዳልጠው የኋላው ገፋ፤ የኋላው ሲያዳልጠው የፊቱ ሳበ። ሰው ለምን ሁለት ሞተር ያስገባል ለሚል መልሱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ገመዱ በአጠገብህ አለፈ፤ ጣትህ አልታዘዝ አለህ። ከጉድጓዱ ባሻገር በቀረችው ጠባብ በረዶ ላይ አዞርኳትና ወደ እኔ መለስኳት፤ ገመዱም ጀርባህን ከቦ ብብትህ ሥር ገባ። «ክንድህ ላይ ጠምጥመው!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩህን አደረግህ። ሬይማና ሌሎቹ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ጎተቱህ። ጉልበትህ የተጎዳው ያን ጊዜ፣ ጠርዙ ላይ ሲያወጡህ ነው።

አምቡላንሱ ይዞህ ሲሄድ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ገመዱን ፈትቼ፣ ባትሪ ቀይሬ፣ መኪናዬን መነሻው ላይ አቆምኳት። ሬይማ «እማማ፣ አሁን?» አለኝ። «አንድ ሩጫ ይቀረኛል» አልኩት። ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት ሴት «ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው!» ስትል ሰምቻለሁ። ሬይማ ግን የፍጥነት መለኪያውን አበራልኝ።

መቶ ሠላሳ ሰባት።

ማንም አላጨበጨበም፤ ጭብጨባ ፍለጋም አልሄድኩም። ሰሌዳው ላይ ስሜ ካንተ ስም በላይ ተጽፏል። ለውድድሩ የመጣችው ጋዜጠኛ ማን እንደሠራት ስትጠይቀኝ የሁለቱንም ነገርኳት፤ የሰመጠችውንም፣ አንተን ያወጣችውንም። የታውኖንም እጅ ነገርኳት። ከእንግዲህ የሚያፍርበት ነገር የለም። ረቡዕ ይወጣል፤ ለነርሷ ጋዜጣው አልጋህ ድረስ እንዲመጣልህ አደራ ብያታለሁ።

ለምን እንዳወጣሁህ ሳታስብ አልቀረህም። አንደኛ፣ ስትጮህ ድምፅህ የታውኖን መሰለኝ፤ ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያው ቀርተህ ቢሆን በቀብርህ ላይ «ከወንድሙ ጋር ያቺን መኪና የሠራ» ተብሎ ይነበብልህ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ አይታረምም። አንተ ኖረህ መታረም አለብህ።

በካርድህ መጨረሻ «እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያውቃል?» ብለሃል። እስቲ ስለ እሱም ጥቂት ልበል። እንዲህ ያለች መኪና ሲግናል ስታጣ እንድትቆም አስቀድሞ ይነገራታል። አዲስ ሪሞት ሲገጠምላት ያ ትእዛዝ ይጠፋል፤ ደግመው ካልነገሯት መጨረሻ የሰማችውን ይዛ ትሮጣለች። ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ጎማዋ በአየር ላይ እየዞረ ሪሞቱን ማጥፋት ነው፤ ጎማው ካልቆመ ትእዛዙ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ገና ሳልመዘገብ፣ መኪናዬም ውጭ ሸርተቴው ላይ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነች፣ አንተ የክለቡ ድንኳን ውስጥ የመጀመሪያዋን መኪና ሣጥን ላይ አስቀምጠህ ጎማዋን እያሽከረከርክ ለጋዜጠኛዋ ታሳይ ነበር። መጀመሪያ ሪሞቱን አጠፋህ። ጎማው መዞሩን ቀጠለ። አንተ ካሜራውን እያየህ ስለነበር ልብ ሳትል ባትሪውን ነቀልክ። እኔ ከኋላህ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። አንዱን ተራመድኩ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። ዘወር ብለህ አየኸኝና፣ «እትዬ፣ እዚህ መንገድ አትዝጊብን፤ ይልቅ ሄደሽ ያ የአተር ሾርባ እንዳያርር አማስዪልን» አልከኝ።

ሄጄ አማሰልኩ።

እንግዲህ ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ። ዕድሜህን ከወንድምህ ዕድሜ አብልጦ ያርዝመው። የዓይንህንም ብርሃን እስከ እርጅናህ ያቆይልህ፣ ይህችን ወረቀት ደግመህ ደጋግመህ ታነባት ዘንድ።

የወንድምህ ሚስት