የታጠረው ጉብታ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ልጆችህስ፣ ያ አዲሱ መኪናህስ? እኛ የቀረነው ደህና ነን። የማዕድኑ ፍንዳታ የጓዳዬን ግድግዳ ሰንጥቆታል፤ በጭቃ ደፈንኩት።

በሬዲዮ ሰማሁህ። የማዕድኑ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እያሉ ሲያቀርቡህ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ከነባሩ ሕዝብ ጋር በአጋርነት እየሠራን ነው፤ ጉብታውንም ሽማግሌዎቹ ፈቅደው ሰጡን አልክ። ዓይንህን በጨው አጥበህ! ባዕዷ መሐንዲስ እኮ ሄልሜቷን አውልቃ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የጠየቀችን። መቃብራችሁ እዚያ ነው ይባላል፤ ካልፈለጋችሁ አንነካውም፣ በሌላ በኩል እንዞራለን አለች። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። አጎታችን መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሄዱ። እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፤ እምቢታው ዝም ብሎ መነሣት ነው። እሷ ይህን ከየት ታውቀው? አስተርጓሚዋ አንተ ነበርክ። ተስማምተዋል እንዳልካት ያወቅነው አጥሩ ሲተከል ነው። በእሷ አልፈርድም።

እናታችን ግን አላመነችም። ልጄ እንዲህ አይልም፣ ሰዎቹ ናቸው ያጣመሙበት እያለች ከጎረቤቱ ሁሉ ተጣላችልህ። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ብላት እኔንም አኮረፈችኝ። አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአባታችን ጎን ማረፍ። ልጄ የአጥሩን በር ያስከፍትልኛል ትል ነበር። ስንት ጊዜ ደወልኩልህ! ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀርቧል፣ የመግቢያ ፈቃዱ ሰሞኑን ይወጣል አልከኝ። ለገዛ አባትህ መቃብር! ለእሷ ግን እሺ ብሏል አልኳት፤ ፈገግ አለች።

ማክሰኞ ዘመድ አዝማድ ሆነን እስከ በሩ መጣን። ሸክማችን መሬት የሚያስቀምጡት ዓይነት አልነበረም፤ ትከሻ እየተቀያየርን ቆምን። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ በስልክ አስፈለገህ። ስብሰባ ላይ ነው አሉት። ፀሐይዋ ስትበረታ ወንዙን ተሻገርን። እዚያ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ቁፋሮው ብዙም አላደከመን።

እንግዲህ ለፈቃዱ አትልፋ፤ የምትጠብቀው የለችም። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ቀንህ ሲደርስም፣ ወንድሜ፣ ልብህ በተመኘው ቦታ ያሳርፍህ።

ታላቅ እህትህ