ከተሸለመው ግቢ አጥር ወዲህ ስላለው ግራዋ

ለክቡር አቶ ጥበቡ
የሰፈራችን የውበትና የአረንጓዴ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሚዛን አማን

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣ ከተከበረው ቤተሰብዎና ከማይደክመው ኮሚቴዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጎረቤቴ እትዬ ማናልሞሽ «የንቦችና የቢራቢሮዎች ወዳጅ ግቢ» ተብለው ከተሸለሙ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ቅናት ነው። ቅናቴን ግን በሥርዓትና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ለዳኝነት በመጡበት ጠዋት በእትዬ ማናልሞሽ ጽጌረዳ ላይ ንቡ ሲተራመስ አይተው መደነቅዎን ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ተመልክቻለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ነው፤ ይቅርታ። በዚያው ቀዳዳ ግን፣ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት፣ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ አበባው ላይ ሲረጭም አይቻለሁ። የእኔ ግቢ ያን ዕለት ጭር ያለው እንግዶቼ ሁሉ ለስኳር ስለተጠሩ ነው። ለኮሚቴውም ዳቦና ብርዝ ቀርቦ ነበርና፣ ንብም ዳኛም በግብዣ እንደሚረታ በአንድ ጠዋት ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ፦ ስኳሩ ሲያልቅ ንቦቹ ወደ እኔ ተመልሰዋል። ይኸው እስከ ሰሞኑ ድረስ እኔ ጋ በልተው እሳቸው ጋ፣ በአሮጌ ቀፎዎቻቸው ያድሩ ነበር። ግራዋዬ ሲያብብ በንብ ድምፅ ይጮኻል፤ በሶብላውም ዱባውም እንደዚያው ነው። ቢራቢሮዋ እንቁላሏን የምትጥለው ጤና አዳሜ ላይ ሲሆን፣ ትሉ ቅጠሉን ሲጨርስብኝ ዝም እላለሁ፤ ክንፍ ሲያወጣ ደግሞ በርሮ እዚያ ማዶ ይሸለማል።

፫ኛ፦ ለእኔ የደረሰኝ ሽልማት ማስጠንቀቂያ ነው። ግራዋው «ጫካ» ነውና ይቆረጥ፣ ከሥሩ ያለው ባዶ መሬትም «ያልለማ» ነውና በሲሚንቶ ይለሰን ተብያለሁ። ያ ባዶ መሬት ግን ጣዝማ አለበት። ቤቷ ከመሬት በታች ነው፤ መግቢያዋ ከጣቴ አይሰፋም። ልጆች ሳለን ሳል ሲጠናብን አባቴ የጣዝማ ማር በማንኪያ ጫፍ ይሰጠን ነበር። ሲሚንቶው ሲፈስባት በቁሟ ትቀበራለች። ይህን ሳስብ ቅናቴ እንኳ ይጠፋና ሆዴ ይባባል።

ማስጠንቀቂያው በደረሰኝ ማግስት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሳቸው እትዬ ማናልሞሽ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ንጋቷ፣ በእናትሽ ግራዋውን አታስቆርጪው፤ ንቦቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ» አሉኝ። «ንቦቼ» ያሏት ነገር አንጀቴን አሳረረችው። ቢሆንም ተቆጥቼ አልመለስኳቸውም፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው፤ እናንተ የሸለማችኋቸውን፣ የኮሚቴው ስም በትልቁ በቀለም የተጻፈበትን አዲሱን ቀፎ። ማስቀመጫ ቦታ ስላጡለት ደስ ብሏቸው ሰጡኝ።

አባቴ የዚሁ የአገራችን፣ የሸዋ ቤንች ሰው ነው። ክቡርነትዎም ከእኛ ጋር ብዙ ኖረዋልና አይጠፋዎትም፤ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ባለቀፎውን ሳያስፈቅድ የሚቆርጥ ጤነኛ እኛ ዘንድ የለም። እኔም አባቴ እንዳስተማረኝ ቀፎውን በጭስ አጥኜ ግራዋው ላይ ሰቀልኩት፤ ትናንት መንጋ ገባበት። ከእንግዲህ እኔ ጋ በልተው እኔው ጋ ያድራሉ። እትዬ ማናልሞሽም በተራቸው በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ፤ ቀዳዳውን አልደፈንኩባቸውም።

እንግዲህ ቀፎው ላይ የተጻፈው የእናንተ ስም ነውና፣ ግራዋውን ለመቁረጥ የምታስፈቅዱት ራሳችሁን ነው። መልሳችሁን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ለረዥም ዕድሜዎና ከአጥር ማዶ ብቻ አጥርቶ ለሚያየው ዓይንዎ ዘወትር የምትጸልይ፣
ያልተሸለመችው ጎረቤት
ንጋቷ ሲሞን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቆራጭና ሲሚንቶ አቡኪ መላክዎ ካልቀረ፣ እባክዎ እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስ ያልብሷቸው። ጣዝማ አትናደፍም፤ ደግ ናት። ቀፎው ውስጥ ያሉት ግን ሸላሚያቸው ማን እንደሆነ ገና አልተነገራቸውም።