ያልተበሱት ቆርቆሮዎች

አባዬ፣

እንደምን አለህ ልል ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁና በራሴ አፈርሁ። ምን ብለህ ትመልስልኛለህ? ከተለየኸን ሦስት ወር ከምናምን ሆነ። እኔ ሲሳይ ነኝ፤ ያ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለቴም ያልገባው ልጅህ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታግሰህ አንብብ፤ አሁን መቼም ጊዜ አለህ።

ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ራዲዮንህን አንተ በምትከፍትበት ሰዓት ትከፍተዋለች፤ ዜናው ሳያልቅ ግን ትዘጋዋለች። ኮትህን እኔ ወስጃለሁ። እጅጌው ስለሚረዝምብኝ ሰፈሩ «አባቱ ውስጥ የገባው ልጅ» ይለኛል። ለሰው ስም ማውጣት የኔ ሥራ ነበር፤ አሁን በኔ ላይ ተጀመረ።

የምጽፍልህ ስለ ሰባቱ ቃሪያዎችህ ነው። አልጋ ላይ ሳለህ፣ ችግኙን ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ ከማዛወሬ በፊት መቀመጫቸውን በሚስማር እንድበሳ አዘዝኸኝ። አንዱን አንተው በስተህ አሳየኸኝ፤ ስድስቱ ቀሩ። እኔ ደግሞ ውሃ በወረፋ በሚመጣበት በእኛ ቆቦ ቆርቆሮ በስቶ ውሃ ማፍሰስ የሽማግሌ ነገር መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና ሰንፌም ነበር። መስኮትህ ሥር ተቀምጬ መዶሻውን ድንጋይ ላይ፣ አረፍ እያልሁ፣ ስድስት ጊዜ ቀጠቀጥሁልህ። አንተ ከውስጥ ሆነህ ትቆጥር ነበር። ስጨርስ «እጅህ ይባረክ» አልኸኝ። አፌን በእጅጌዬ ይዤ ሳቅሁ። አባዬ፣ ከኔ የሰማኸው የመጨረሻ ሥራ የዚያ ድንጋይ ድምፅ ነው።

አርባህ ካለፈ በኋላ ቅጠሎቹ ከታች ጀምረው ቢጫ ሆኑ። መጀመሪያ ተባይ ነው ብዬ እየገለበጥሁ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ፀሐዩ ነው ብዬ ወደ ጥላ አዛወርኋቸው። ርቧቸው ይሆናል ብዬ ፍግ ጨመርሁ። ቀትር ላይ ሲጠወልጉ ሳይ ደግሞ በቃ ጠምቷቸዋል አልሁና፣ የምታጠብበትን እየቀነስሁ ጠዋትና ማታ አጠጣኋቸው። ባጠጣኋቸው ቁጥር ባሱ።

ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ፣ ዘሩን የሰጠችህ እሷ፣ በአጥሩ በኩል ብቅ እያለች ታያቸው ነበር። ማሻአላህ ሳትል አይታቸው አታውቅም። አንድ ቀን ቦኖው ላይ ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ይዘን ሳለ ሴቶቹ ቃሪያው እንዴት ሆነ አሉኝ። እኔም ለማሳቅ ብዬ የእትዬ ጦይባ ዓይን በልቶታል አልሁ። ሳቁ። በማግስቱ ግን የሚስቅ አልነበረም። እሷ ስታልፍ አንዷ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላዋ ጀሪካኗን ከእሷ ጀሪካን አራቀች። ታመህ ሳለህ አጥሚት እየሠራች ታመጣልህ የነበረችው ሴት፣ በአጥሩ ማየት ተወች።

እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ የተዘጋው መከፈት ባለበት ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት ነው የገባኝ። ከሰባቱ አንዱ ብቻ ለምለም ነበር፤ አንተ የበሳኸው። ከቢጫዎቹ አንዱን ዘቅዝቄ ነቀነቅሁት። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ወጣ፣ ሸተተኝ፤ ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። ጠምቷቸው አልነበረም፣ ውሃ መውጫ አጥተው እየሰጠሙ ነበር። እኔም ከላይ እጨምርላቸዋለሁ።

ለእማዬ ነገርኋት። አልተቆጣችኝም። «ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለጦይባ ንገራት» አለችና ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ከቢጫዎቹ ሌላ አንድ ቆርቆሮ ተሸክሜ ቦኖው ጋ ሄድሁና ዋሽቻለሁ አልኋቸው። ደግሞ ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጭንቅ ሲለኝ ቆርቆሮውን መሀላቸው ደፋሁት። ሽታው ሲደርሳቸው ሳቁን ትተው አፍንጫቸውን ያዙ። መዶሻውንም፣ ድንጋዩንም፣ የሳቅሁትንም አልደበቅሁም። እትዬ ጦይባ ከወረፋው መጨረሻ ቆማ ሰማችኝ። ትስመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እኔ ደረቁ። አልሳመችኝም።

«ቀልድህ ዋጃ እህቴ ጋ ሳይቀር ደርሷል፤ ይቅርታህ ግን ከዚህ ቦኖ አላለፈም» አለችኝ፤ ተራዋን ትታ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞርሁ ነው። የሚስቅብኝ አለ፤ ሳያየኝ «እሺ፣ እሺ» ብሎ የሚሸኘኝም አለ። እሷ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ቅዳሜ በሚኒባስ ዋጃ፣ እህቷ ዘንድ እወርዳለሁ።

በየደጃፉ ማን ነህ ሲሉኝ መጀመሪያ ያንተን ስም እጠራና ልጁ ነኝ እላለሁ። ስምህን ከጥፋቴ ጋር አያይዤ ስጠራው ፊቴ ይቃጠላል። እነሱ ግን ስምህን ሲሰሙ፣ ምን ልናገር እንደመጣሁ ሳያውቁ፣ «ግባ» ይሉኛል። አባዬ፣ ዛሬም በሩን የምትከፍትልኝ አንተ ነህ። እስከምሞት ይህን አልረሳውም።

ልጅህ ሲሳይ