ተቀብሎ መጨመር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት የሐይቅ ዳሩ ምግብ ቤታችን ባለቤት ጠራኝ። ከሰኞ ጀምሮ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኞቹ እንደሚሰናበቱ ነገረኝ፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል አለ።

ከሰዓት የአመራር ሥልጠና ላይ የተማርኩትን ጨዋታ ከሠራተኞቹ ጋር ተጫወትን። ሳይዘጋጁ መተወን ነው፤ ሌላው ያለውን ተቀብሎ መጨመር ነው እንጂ መቃወም ክልክል ነው። ምግብ አብሳይዋ እትዬ አማረች እኔን፣ ሥራ አስኪያጁን ሆኑ፤ እኔ ዓሣ ጠባሽ። ወገባቸውን ይዘው፣ «ከሰኞ ጀምሮ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል!» አሉኝ።

«እሺ ጌታዬ፣ ሽርጤን አጥቤ አመጣለሁ» አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ።

እትዬ አማረች ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ «ጌታ ይባርክህ ልጄ። ሊበትኑን ነው የሚል ወሬ ሰምተን እንቅልፍ አጥተን ነበር፤ አንተ ከቀለድክበትማ ውሸት ነው» አሉኝ።

እኔ ከንቱ፣ «አሜን» አልኩ።