ከጉልላቱ ሥር ያልሰገዱት ኡስቶ ሙዛፋር

ኡስቶ ሙዛፋር ሙሮድ ከአባታቸው ከሙሮድ ሳይፊ እና ከእናታቸው ከሻሪፋ አዚም እ.ኤ.አ. በ1949 በቡኻራ ከተማ፣ በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ፣ በ1964፣ ሙያ እንዲማሩ ለጉልላት ጠጋኙ ለኡስቶ ሾዲ ተሰጡ፤ «ኡስቶ» የምንለው በእጅ ሙያው የተካነን መምህር ነው። ኡስቶ ሾዲ ከሥራው በፊት ስም ያስጠኑ ነበር። ጉልላት እንደ ሰው ራስ አለው፣ አንገት አለው፣ ብብት አለው። ብብት የሚባለው በአራቱ ማዕዘን ተነሥቶ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ከክቡ ጉልላት ጋር የሚያገናኘው ቅስት ነው፤ አንገት ደግሞ ከዚያ በላይ ጉልላቱን የተሸከመው ክብ ግድግዳ ነው። ይህን አጥርቶ ያልመለሰ ተማሪ መሰላል አይረግጥም።

በ1972 ከወይዘሮ ሳሎሃት ጋር ትዳር መሥርተው እኔን ማሕሊዮን እና ወንድሜን ኢክሮምን አፍርተዋል። የሰፈራችን ሰዎች፣ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ የሚያነብላችሁ ኢክሮም ነው። የምጽፈው እየፈራሁ ስለሆነ ቃል ቢያጥረኝ ይቅር በሉኝ።

በ1976 የጋዝሊ መሬት መንቀጥቀጥ የሰፈራችንን መስጊድ ጉልላት አንገቱ ላይ ሰነጠቀው። መስጊዱ ያኔ፣ በሶቪየት ዘመን፣ የጥጥ መጋዘን ነበር። ጥገናው ለአባታችን ተሰጠ፤ ራሳቸውን ችለው የያዙት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ብርዱ ገባ፣ የሥራው ኃላፊም በየቀኑ እየመጣ አጣደፋቸው። አባታችን ቶሎ እንዲደርቅላቸው ብለው የጥንቱን የጀሶ ጭቃ ትተው አንገቱን ዙሪያውን በሲሚንቶ አሰሩት። ኡስቶ ሾዲ መጥተው አዩና «አንተ ልጅ፣ ጡብ እኮ ይተነፍሳል! አፉን የምትለጉመው ምን በድሎህ ነው?» አሏቸው። አባታችንም «ኡስቶ፣ ይሄ መቶ ዓመት አይነቃነቅም» ብለው መለሱ።

በሙያው ሕግ፣ የድጋፉ እንጨት ሲነቀል ጠጋኙ ከጉልላቱ ሥር ይቆማል። የዚያን ዕለት እናታችን እኔን ለጎረቤት ሰጥተው መጡና አጠገባቸው ቆሙ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ!» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ተደፍቶብዎ እኔ ቤት ሾርባ ላማስል?» አሉ። እንጨቱ ተነቀለ፤ ጉልላቱም ቆመ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው።

መስጊዱ በ1991 ለሶላት ተከፈተ። አባታችን በደስታ ሊጠርጉ ገብተው ቀና ሲሉ፣ አንገቱ ሥር ነጭ ጨው ወጥቶ አዩ። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ጨውን ወደ አሮጌው ጡብ መልሶታል፤ ጡቡም ከውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈር ጀምሯል። በደስታ የገቡት ፊታቸው ጠቁሮ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም አልተፈታም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ላይ ሰገዱ። እናንተም «ኡስቶ እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው» እያላችሁ ለልጆቻችሁ ምሳሌ አደረጋችኋቸው። እውነቱን ልናገር፦ አባታችን ይፈሩ ነበር። አንገቱ ላይ ዳግም በተከፈተው ስንጥቅ ላይ ቀጫጭን መስታወት በጀሶ ለጥፈው በየማለዳው እየወጡ ያዩት ነበር፤ ስንጥቁ ከተላወሰ መስታወቱ ይሰበራልና። እናንተ ስትሰግዱ እሳቸው የሚያዳምጡት ጣሪያውን ነበር። ለሰፈሩ ሽማግሌ ለቦቦ ራጃብ ጉልላቱ ታሟል ብለው ሦስት ጊዜ ነግረዋል። ቦቦ ራጃብም «ኡስቶ፣ ከእርስዎ ይልቅ ጉልላቱ ጤነኛ ነው፤ ይሂዱና ሻይዎን ይጠጡ» አሏቸው። «ሲሚንቶው የእኔ ጥፋት ነው» የምትለዋ አንዲት ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

በዚህ ዓመት ማርች ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። በአንድ ሳምንት ሁለት መስታወት ተሰበረ። አባታችን በሰባ አራት ዓመታቸው መሰላል ወጥተው፣ በዝናብ ርሰው ስንጥቁን ሲለኩ ዋሉ። በዚያው የሳንባ ምች ያዛቸው። ሐኪም ቢሞክርም አልሆነም። በመጨረሻ እጄን ይዘው «ማሕሊዮ፣ ንገሪያቸው። እኔ አፍሬ ነው። አንቺ እንዳታፍሪ» አሉኝ። ከፀደዩ አዲስ ዓመት ከናውሩዝ በዓል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማርች 19 ቀን 2023፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬ ማለዳ እኔው ራሴ ወጣሁ። የቀሩት መስታወቶችም ተሰብረዋል። ትናንት ጥፍር የማያስገባው ስንጥቅ ዛሬ ጣቴን ዋጠው። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ኡስቶ ሙዛፋር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሳሎሃትን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አላህ ጥፋታቸውን ይቅር ይበላቸው፤ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ጭንቀታቸውም በጀነት ዕረፍት ይካሳቸው።

ይህ ሲነበብ በመስጊዱ ግቢ ጀናዛውን ከብባችሁ ቆማችኋል፤ የዙህር ሶላትም ደርሷል። ዝናብ ቢመጣ ወደ ውስጥ ልትሮጡ ነው፤ አውቃችኋለሁ። በሩን እኔ ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉንም ጉድጓድ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ርሳችሁም ቢሆን እዚያው ውጭ ስገዱላቸው። መቆጣት የፈለገ ከቀብር መልስ እቤት ይምጣ፤ ብቻ በሕይወት ይምጣልኝ እንጂ ስድቡን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።