የላላችው ቺንጋ፦ የ“ቀባሪዎቹ” ድምፃዊ ሕይወት

አድናቂዎቻቸው “ዋሻው” ይሏቸው የነበሩት ሟች፣ ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። መልካቸው የአባታቸው፣ ድምፃቸው የእናታቸው ነበር። ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ እናታቸው ሥራ ቦታ ገብተው ስልክ ሲያነሡ ደዋዩ ሁሉ “እመቤት፣ እባክሽ መስመር ስጪኝ” ይላቸው ነበር። እሳቸውም “ይጠብቁ” ብለው ሰውን በከንቱ ያስጠብቁ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ አጠገባቸው በተቀመጠው ልጅ ውጤት አጠናቀዋል። በ1970 ዓ.ም. በመናኸሪያው የድምፅ ማጉያ አውቶቡስ ጠሪ ሆነው ተቀጠሩ። ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። ያ ቀጭን ድምፅ በሃያ ሞተር ጩኸት መሐል እንደ መርፌ ያልፍ ነበር። በሦስተኛው መስኮት ትኬት ትቆርጥ የነበረችው ወጣትም ፊታቸውን ከማየቷ በፊት ድምፃቸውን ወደደች። “የመነሻ ሰዓት ሲናገር የምሄድበት ያለኝ ይመስለኝ ነበር” ትላለች እስከ ዛሬ። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ።

በ1973 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር “ቀባሪዎቹ” የተባለውን ባንድ መሠረቱ። ሰዎቹ ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ስለ መቃብር ይዘፍኑ ነበር። ነገሩን እናውቃለን የሚሉ “ጎቲክ ፓንክ ሜታል” ይሉታል፤ ጎረቤት ግን “ኧረ በፈጠራችሁ” ይለው ነበር። ልምምዳቸው እሑድ እሑድ አውቶቡስ በሚታጠብበት መጋዘን ውስጥ ስለነበር፣ እነዚህ የሞት ዘፋኞች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሳሙና አረፋ ውስጥ ቆመው ይጮኹ ነበር። ጊታሩን የያዘው ሰው ከቅጥነቱ የተነሣ “ሚስማር” ይባላል። ዛሬም ከኋላ ቆሟል፤ ወፍሯል።

በ1974 ዓ.ም. “ገለባ” የተሰኘውን ዘፈናቸውን የቀረጹት ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ በሆነችው ታናሽ እህታቸው ሱቅ ነው። ቅጂው ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ሲባዛ ነው። እህታቸው ዋናውን በአንድ ማጫወቻ እያጫወተች በሌላው ባዶ ካሴት ላይ ስትገለብጥ፣ የማጫወቻዋ ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የምታገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ላልታ ነበር። የሰውን ማሽን ስትጠግን የራሷን ማየት ረሳች። ማሽኑ እየጎተተ የአራት ደቂቃውን ዘፈን አምስት ደቂቃ አደረገው፤ ያ የእናት ድምፅም ከጉድጓድ የሚወጣ ማጉረምረም ሆነ። ሁለት መቶ ካሴት ከተበተነ በኋላ ነው የታወቀው።

እህታቸው ቺንጋዋን በአዲስ ቀይራ ለሁሉም እውነቱን ነገረቻቸው። ሚስማር ግን አንዱን ካሴት እስከ መጨረሻው አድምጦ ሲያበቃ “ታዲያ ቺንጋዋን ምን አስቀየረሽ?” አላት። ሟች በሰዓቱ በጣም ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ ያ የመጨረሻቸው እንደነበር ማን አወቀ።

ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ገነነ፤ ባለድምፁም “ዋሻው” ተባሉ። በመጀመሪያው ኮንሰርት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሟች በጥቁር ካባ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የእናታቸው ድምፅ ወጣ። አንዱ ከኋላ “እትዬ፣ ዋሻውን ጥሪልን!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ፈነዳ። ከዚያ ቀን በኋላ ሟች ማሽኑን ለመምሰል ተነሡ። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ባዶ በርሜል ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው ድምፃቸውን ወደ ታች ይገፉት ነበር። ሚስትና እህት “ተው” ቢሉ ሰሚ አልነበረም፤ ጓደኛ “አይዞህ፣ እየወረደ ነው” ይል ነበርና። በሁለተኛው ካሴት ላይ የሚሰማው ድምፅ የማሽን አይደለም፤ የቆሰለ ጉሮሮ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ድምፁ ጨርሶ ጠፋ፤ ባንዱም ፈረሰ። መናኸሪያው ሹክ የሚል አውቶቡስ ጠሪ ምን ያደርግለታል? ወደ ጠፋ ዕቃ ክፍል አዛወሯቸው። እዚያም ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማና ሰው ሠራሽ ጥርስ ለባለቤቱ እየመለሱ ሃያ ስምንት ዓመት አገለገሉ። የእሳቸውን የጠፋ ዕቃ ያመጣላቸው ግን አልነበረም።

አንዲት ሴት ልጃቸው በ1979 ዓ.ም. ተወለደች። ሌላው ልጅ ከሩቅ በአባቱ ድምፅ ሲጠራ፣ እሷ በጭብጨባ ትጠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ “ነይ” ነው፤ ሦስት ጊዜ “እናትሽ ተቆጥታለች”። ዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ድምፅ ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ካሴቱን ስትሰማ “ይሄ ማነው?” ነበር ያለችው።

ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ፣ ባንዱ ሲፈርስ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች “ቀባሪዎቹ”ን እንደ አዲስ አነሡአቸው። ስለ “ጥልቁ ድምፅ” ተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸው በካናቴራ ላይ ታተመ። ሚስማር ለጠያቂ ሁሉ “በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ወር ተቀምጦ ነው ያመጣው፤ የሚተኛውም ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው” እያለ ኖረ። ሟች የተኙት ሲገላበጡ በሚጮህ የሽቦ አልጋ ላይ ነው። ወጣቶቹ የጠፋ ዕቃ ክፍል ድረስ መጥተው “አንዴ ብቻ፣ ጋሼ” ብለው ሲለምኗቸው፣ ሟች የመረከቢያ መዝገቡን ገልብጠው “ምን ጠፋባችሁ?” የሚለውን ዓምድ ያሳዩአቸው ነበር። እንደ ቀልድ ወስደው እየሳቁ ሄዱ።

በ2014 ዓ.ም. በጉሮሯቸው ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ ከበርሜሉ ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሹክሹክታቸውም ቀረ፤ በልጃቸው አሮጌ ደብተር ላይ ይጽፉ ጀመር። አንድ ቀን ለእህታቸው “ዋናው አለ?” ብለው ጻፉ። ዋናው ካሴት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው አርባ ዓመት ተቀምጦ ነበር። “በቀብሬ ላይ አጫውቺው። ለልጄ።”

ሚስማር ይህን ሲሰማ እየከነፈ መጣ። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ “ወንድሜ፣ ሰው የሚያውቀው ዋሻውን ነው። ይሄ ከተሰማ እኮ ስማችን አብሮ ተቀበረ!” አለ። ሟች ደብተሩን አንሥተው “ቀባሪዎቹ እኛው አይደለን?” ብለው ጻፉለት። ሚስማር ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ሟች በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው በሕይወት አሉ። “አፈሩን ክመሩት፣ ገለባ አልፈልግም” ብለው የዘፈኑት በሃያ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ አይያዝባቸው። ፈጣሪ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሲጠራ፣ እሱ በሰጣቸው ድምፅ “አቤት” ይበሉ።

ይህ ጽሑፍ ተነቦ እንዳበቃ ዋናው ካሴት ይከፈታል። ከኋላ የቆማችሁ አድናቂዎች፣ እባካችሁ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትነሡ፤ ቺንጋዋ አዲስ ናት። ከዘፈኑ በፊት፣ ሲባዛ ተቆርጦ የቀረ ጥቂት ንግግር አለ፦ “እህት ዓለም፣ ጀመረ እንዴ? ኧረ አትሳቂ፣ በይ ልጀምር ነው” ይላል። ልጃቸው ከማጉያው አጠገብ ቦታ ተይዞላታል። ያ የሚናገረው ሰው፣ ልጄ፣ ሴት አይደለም፤ አባትሽ ነው።